አሮጌው ስልክዎ «ያድሱኝ» ሲልዎት ምን ያደርጋሉ?

መቼም ዛሬ ዛሬ ስልክ ከእጃችን የማይለይ አካላችን ሆኗል። ገንዘቡም፣ ፎቶውም፣ የዘመድ አዝማዱ ቁጥርም፣ አልፎ ተርፎ የሟች ድምፅም የሚቀመጠው እዚያች ባለመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ታዲያ ዕድሜዋ ሲገፋ ሳጥኒቱም እንደ ሰው ትደክማለች። ትግላለች፤ ትዘገያለች፤ ጠዋት ሞልቶ የነበረው ባትሪ እኩለ ቀን ሳይደርስ ጭልጥ ይላል። በዚህ ሁሉ መከራ መሐል ነው እንግዲህ ያቺ የተለመደች መልእክት ከስክሪኑ አናት ብቅ የምትለው። «አዲስ ዝማኔ መጥቷል። አሁን ይጫን ወይስ በኋላ?»

አብዛኞቻችን ምን ብለን እንደምንመልስ የታወቀ ነው። «በኋላ» ነዋ! ነገም «በኋላ»፣ ከነገ ወዲያም «በኋላ»። ሁለት ዓመት ሙሉ «በኋላ» ሲል የኖረ ሰው አውቃለሁ። ሌላው ደግሞ የመጣለትን ሁሉ ሳያይ ይጭንና በማግስቱ ስልኩን ይዞ ከጥገና ቤት ጥገና ቤት ይንከራተታል። የፈራውም የደፈረውም እኩል ሲያማርሩ ይሰማሉ። እስቲ ዛሬ በዚህ ጉዳይ እንጨዋወት። ነገሩ የወጣቶች ወግ ብቻ ይመስላል እንጂ የገንዘብ፣ የትዝታ፣ አንዳንዴም የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ከመካነ ኢየሱስ የሰማሁት

የአማራ ክልል ሰው ይህን ጉዳይ ከሌላው በተለየ ያውቀዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ ለብዙ ወራት ዳታ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ከዘመዱ መቆራረጡን አሰበ እንጂ ስልኩም ከሠሪው ፋብሪካ መቆራረጡን ማን ልብ አለ? በእነዚያ ወራት ለስልኮች የወጡት መጠገኛዎች ሁሉ በዚያ አካባቢ ላለ ስልክ አልደረሱም። በኋላ ዳታ በተመለሰባቸው ቦታዎች ታዲያ ስልኮቹ እንደ ተራበ ሰው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይጠይቁ ጀመር። ይሄም መተግበሪያ «አድሰኝ»፣ ያም መተግበሪያ «አድሰኝ»፣ ስልኩ ራሱም «አድሰኝ»!

በዚህ ላይ የዋጋው ነገር አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር በዶላር ፊት አቅሙ ደከመ፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ናረ። «አሮጌውን ጥዬ አዲስ እገዛለሁ» ማለት ለመምህሩም፣ ለነጋዴውም፣ ለገበሬውም ቀላል አልሆነም። የያዙትን ማሰንበት ግድ ሆነ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን በደቡብ ጎንደር፣ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ታሪክ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪካቸውን ግን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

«የጋሼ ድምፅስ?»

እኚህ እናት በእህል ንግድ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ጥቂት ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰውየው በሕይወት ሳሉ መጻፍ አይወዱም ነበርና ማን ስንት ኩንታል በዱቤ እንደወሰደ፣ ከማን ስንት ብር እንደሚፈለግ በስልካቸው የድምፅ መቅጃ ይናገሩ ነበር። ሕመሙ ሲጠናባቸው ደግሞ ለልጆቻቸው የሚሆን ምክር ቀድተው አኖሩ። በድምሩ አሥራ አንድ ቅጂ ነው። ስልኩ ዛሬ በእናትዬዋ እጅ ነው። አመሻሹ ላይ ብቻቸውን ሲሆኑ አንዱን ከፍተው ያዳምጣሉ።

አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው በየወሩ ገንዘብ የሚልክላቸው በዚሁ ስልክ ነው። አንድ ቀን የገንዘብ መተግበሪያው «ይህ ስሪት ከእንግዲህ አይሠራም፤ ያዘምኑ» ብሎ እምቢ አለ። ለማዘመን ሲሞክሩ «ማከማቻው ሞልቷል» አለ። ምን ይደረግ? ገበያ መሐል ወዳለ ጥገና ቤት ወሰዱት።

ወጣቱ ጥገና ባለሙያ ስልኩን ገለባብጦ አየና «እትዬ፣ ይሄ ፎርማት ይፈልጋል። ጠርገን ብንጭነው እንደ አዲስ ይሆንልዎታል። አንድ ሰዓት አይፈጅም» አላቸው።

«አንተ ካልክ ይሁን ልጄ» አሉት።

ልጁ መጥረግ ሊጀምር ሲል አብራቸው የመጣችው የጎረቤት ልጅ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ «እትዬ! የጋሼ ድምፅስ?» አለች።

እናትዬዋ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን መለሱት። «ያን ጊዜ ጉልበቴ ከዳኝ» ብለውኛል። ፎርማት ማለት በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ መጥረግ መሆኑን ማንም አልነገራቸውም ነበር። ባለሙያውም ክፉ ሆኖ አይደለም። ለእሱ ስልኩ የታመመ ዕቃ ነው፤ ለእሳቸው ግን የሰው ድምፅ የሚኖርበት ቤት ነው። እሱ አልጠየቀም፤ እሳቸውም መናገር እንዳለባቸው አላወቁም። እንዲህ ዓይነት ጥፋት የሚደርሰው በተንኮል ሳይሆን በዝምታ ነው።

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ዋና ምክር አንዲት ናት፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያዋ ነው። ከማደስ በፊት ማዳን!

«አፕዴት ተንኮል ነው» የሚሉ ተሳስተዋል?

እዚያው መካነ ኢየሱስ አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ወዳጅ አለኝ። «ተወኝ ወንድሜ፣ አፕዴት ማለት አዲስ ስልክ እንድንገዛ ፈረንጆች የሚሸርቡት ዘዴ ነው። የጓደኛዬ ስልክ አፕዴት ባደረገ ማግስት እንደ ኤሊ ሆነ» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 አፕል የተባለው ታላቅ ኩባንያ፣ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር ዝማኔ አማካይነት ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበር አመነ። ምክንያቱንም አልደበቀም፤ «ያረጀ ባትሪ በከባድ ሥራ ጊዜ ኃይል ስለሚያንሰው ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ነው» አለ። ሰዉ ግን «ለምን አልነገራችሁንም?» ብሎ ተቆጣ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጣሊያን የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪ፣ አሮጌ ስልኮች ላይ የማይመጥናቸውን ከባድ ዝማኔ እንዲጫን አድርገዋል ሲል አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣቸው። እንግዲህ መምህሩ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

ነገር ግን የዚህን ተቃራኒ ደግሞ ያዳምጡ። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ በሚባለው የኮምፒውተር ሲስተም ውስጥ የተገኘን አንድ አደገኛ ቀዳዳ የሚደፍን መጠገኛ አወጣ። በነጻ ነበር። ብዙ ሰው «በኋላ» አለ። በግንቦት ወር፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በዚያችው ቀዳዳ ገብቶ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻም ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሥራ አቆሙ፤ የሕሙማን ቀጠሮ ተሰረዘ። መጠገኛው እኮ በጊዜው ወጥቶ ነበር! የጎደለው መጫን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም እውነት ነው። ዝማኔ ስልክን ሊያዘገይ ይችላል፤ ዝማኔ አለማድረግም ቤትን ያለ ቁልፍ መተው ይሆናል። ታዲያ በምን እንለይ?

ዝማኔ ሁሉ አንድ አይደለም

ብዙ ሰው «አፕዴት» ሲባል ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይከታል። ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ይለዩዋቸው።

አንደኛው የመተግበሪያ ዝማኔ ነው። ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ የባንክ መተግበሪያ የየራሳቸው ዝማኔ አላቸው፤ የሚገኘውም ከፕሌይ ስቶር ነው። ትንሽ ነው፤ ስልኩን እምብዛም አይነካም። የገንዘብ መተግበሪያ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የደህንነት መጠገኛ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ለአንድሮይድ ስልኮች በየወሩ ያወጣዋል፤ የስልኩ አምራች ደግሞ ለየስልኩ አስማምቶ ይልከዋል። የስልኩን መልክ አይለውጥም፤ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ ይደፍናል። ክረምት ሳይገባ የቤት ክዳን እንደማደስ ያለ ነው። ዝናቡ ከወረደ በኋላ ጣሪያ ላይ መውጣት ምን ይጠቅማል? ይህ ከመጣልዎት ለአሮጌም ስልክ ቢሆን ይጫኑት።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ከአንድሮይድ 10 ወደ 11፣ ከ11 ወደ 12 እንደሚባለው ያለ የሲስተም ለውጥ። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ይመዝናል፤ ሰፊ ቦታና ጠንካራ ሚሞሪ ይፈልጋል። የመምህሩ ወዳጅ ስልክ እንደ ኤሊ የሆነው በዚህ ዓይነቱ ሳይሆን አይቀርም። ስልክዎ ሚሞሪው አነስተኛ ከሆነና የሚፈልጉት መተግበሪያ ሁሉ በያዘው ስሪት የሚሠራ ከሆነ አይቸኩሉ። ያው ስልክ የያዘ ሌላ ሰው ሞክሮት እንደሆነ ይጠይቁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ እንዳይሆን።

የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? መልእክቱን ይክፈቱና ያንብቡት። መጠኑና ዓይነቱ ተጽፏል። የስልክዎን ዕድሜ ለማወቅ ደግሞ ወደ ሴቲንግ፣ በአማርኛው «ቅንብሮች» ወደሚለው ገብተው «ስለ ስልኩ» የሚለውን ይክፈቱ። እዚያ የአንድሮይዱ ስሪትና የመጨረሻው የደህንነት መጠገኛ ቀን ይገኛል። ይህችን ቀን ይያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ከመጫንዎ በፊት

እንግዲህ ለመጫን ቆርጠዋል እንበል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና እነዚህን በቅደም ተከተል ያድርጉ።

1. የማይተካውን ያውጡ። መተግበሪያ ቢጠፋ ተመልሶ ይጫናል፤ የሟች አባት ድምፅ ግን ከየትም አይወርድም። ፎቶውን፣ የድምፅ ቅጂውን፣ አስፈላጊ ሰነዱን ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ሚሞሪ ካርዱንም ከስልኩ አውጥተው ያስቀምጡት። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንዳለ አይቆጠርም፤ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ይኑር። ቴሌግራም ካለዎት «የተቀመጡ መልእክቶች» ወደሚለው ለራስዎ መላክም ይቻላል።

2. የጉግል አካውንትዎን የይለፍ ቃል ይወቁ። ይህ በእኛ አገር ትልቅ ችግር ነው። ስልክ ሲገዛ ብዙዎቻችን ሻጩን «እስቲ ጂሜይል ክፈትልኝ» እንላለን። ልጁ በራሱ ፈጠራ ስምና የይለፍ ቃል አስገብቶ ይከፍታል፤ እኛ አንጠይቅም፤ እሱም ይረሳዋል። ስልኩ አንድ ቀን ከተጠረገ በኋላ ግን «ቀድሞ የነበረውን አካውንት አስገባ» ብሎ ይቆልፋል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ አንድሮይዶች ይህ ለሌባ መከላከያ ተብሎ የገባ ቁልፍ ነው፤ ባለቤቱንም በር ላይ ያስቀራል። ዛሬውኑ ይሞክሩት፤ ካላወቁት ስልኩ ሳይጠረግ በፊት አዲስ የይለፍ ቃል ያውጡና በደብተር ይጻፉት።

3. ቦታ ያስለቅቁ። «ማከማቻ ሞልቷል» ሲል ሰዉ ሁሉ የልጆቹን ፎቶ መሰረዝ ይጀምራል። ይተዉ! መጀመሪያ ቴሌግራምን ይፈትሹ። በየቻናሉ ያዩት ቪዲዮ ሁሉ ሳያውቁት ስልክዎ ላይ ተከምሯል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ የማከማቻ አጠቃቀም የሚል አለ፤ እዚያ ገብተው ካሹን ያጽዱ። ከቻናሉ እስካልተሰረዘ ድረስ ቪዲዮው ሲፈልጉት እንደገና ይወርዳል። ብዙ ስልክ ከዚህ ብቻ ጊጋባይቶችን ያገኛል።

4. ባትሪውንና መብራቱን ያስተካክሉ። ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሙላ፤ ቻርጀሩም እንደተሰካ ይቆይ። ሲስተም እየተጫነ ሳለ ስልኩ ቢጠፋ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ባትሪው 30 በመቶ እያለ በድንገት የሚጠፋ ከሆነ አስቀድመው ባትሪ ያስቀይሩ። ያበጠ ባትሪ ከሆነማ ዝማኔ ቀርቶ ቻርጅም አያድርጉት፤ አደጋ አለው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አይጀምሩ።

5. ዳታዎን ይቆጥቡ። ከተገኘ በዋይፋይ፣ ካልሆነም ረከስ ባለ የሌሊት ጥቅል ያውርዱት። ፕሌይ ስቶርም በራሱ ጊዜ እየጫነ ካርድዎን እንዳይጨርስ «በዋይፋይ ብቻ» በሚለው ላይ ያድርጉት።

6. ከተጫነ በኋላ ይታገሡ። የመጀመሪያው ቀን ወይም ሁለት ቀን ስልኩ ሊግልና ሊዘገይ ይችላል፤ መተግበሪያዎቹን ከአዲሱ ሲስተም ጋር እያስማማ ነው። በዚያው ሰዓት ተስፋ ቆርጠው ጥገና ቤት አይሩጡ። አንዴ አጥፍተው ያብሩት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይስጡት።

ጥገና ቤት መሄድ ግድ ከሆነም አንድ ቃል ከአፍዎ ይውጣ። «ከመንካትህ በፊት የሚጠፋ ነገር አለ ወይ?» ይበሉት። «አዎ» ካለ ስልኩን ይዘው ይመለሱና ቁጥር አንድን ይፈጽሙ። «የማይጠፋ ነገር የለም፣ ግን ግድ የለዎትም» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

«አዲሱ አፕ ይኸውልህ» የሚልዎትን አይመኑ

ሌላም አደጋ አለ። ሰዉ የዝማኔ ናፍቆት እንዳለበት ያወቁ አጭበርባሪዎች ሐሰተኛ ዝማኔ ያሰራጫሉ። አንድ የማውቀው ወጣት ነጋዴ በቴሌግራም ከጓደኛው ስም መልእክት ደረሰው። «የድሮው ሊዘጋ ነው፤ አዲሱን በዚህ ጫን» ይላል፤ ፋይልም ተያይዟል። ከጓደኛው ነውና አምኖ ጫነ። መተግበሪያው «አጭር መልእክት እንዳነብ ፍቀድልኝ» አለው፤ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ወደ ስልኩ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ሁሉ ሌላ ሰው ያነበው ጀመር። በማግስቱ የእሱም ቴሌግራም ተወስዶ ለዘመዶቹ ሁሉ «ቸግሮኝ ነው፣ ትንሽ ብር ላክልኝ» እያለ ይጽፍ ነበር። ላኪው «ጓደኛውም» ለካ አስቀድሞ የተጠለፈ ሰው ኖሯል።

መከላከያው ቀላል ነው። የመተግበሪያ ዝማኔ ከፕሌይ ስቶር፣ የስልኩ ዝማኔ ከራሱ ከስልኩ ሴቲንግ ብቻ! በቴሌግራምም ሆነ በዋትሳፕ ፋይል ሆኖ የመጣ ዝማኔ፣ የላከው ወንድምዎ ቢሆን እንኳ አይጫን። ደውለው ድምፁን ሰምተው ይጠይቁት። የማረጋገጫ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅዎት ሰው ደግሞ ማንም ነኝ ቢል ሌባ ነው ብለው ይያዙት።

ስልኩ ራሱ «በቃኝ» ሲልስ?

አሁን ወደዚያች ቀን እንመለስ። «ስለ ስልኩ» በሚለው ውስጥ የመጨረሻው የደህንነት መጠገኛ ቀን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት ሆኖ ሳለ፣ ዝማኔ ሲፈልጉ «ስልክዎ የዘመነ ነው» የሚልዎት ከሆነ አይደሰቱ። ተሟልቷል ማለት አይደለም፤ አምራቹ ትቶታል ማለት ነው።

ስልክ ለምን ይተዋል? አዲስ መጠገኛ በወጣ ቁጥር አምራቹ ለእያንዳንዱ የስልክ ሞዴል ለብቻው ማስማማትና መፈተሽ አለበት። ይህ ወጪ ነው። በርካሽ ለተሸጠ ስልክ ብዙ አምራች ከጥቂት ዓመት በላይ አይደክምም። ውድ በሆኑት ላይ ግን ነገሩ እየተለወጠ ነው። ጉግል በ2023 ባወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ባወጣው ጋላክሲ ኤስ 24 ላይ የሰባት ዓመት ዝማኔ ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያው የሚወጣ አዲስ ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ዝማኔ እንዲያገኝ በሕግ አስገድዷል። ስልክ ሲገዙ እንግዲህ ስለ ካሜራው ብቻ ሳይሆን «ዝማኔው እስከ መቼ ይመጣል?» ብለው መጠየቅን ይልመዱ። በተለይ ያገለገለ ስልክ የሚገዙ ከሆነ፣ ሣጥኑ አዲስ ቢመስልም የመጠገኛዋን ቀን አይተው ይግዙ።

አምራቹ ከተወው በኋላ መተግበሪያዎቹም ተራ በተራ ይተዉታል። ዋትሳፕ ለምሳሌ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች ባሉ ስልኮች አይሠራም። የባንክ መተግበሪያ ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል።

ታዲያ ይጣል? የለም! ሥራው ይለወጥ እንጂ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከተተወ ስልክ ላይ ገንዘብ ይውጣ፣ ትዝታ ይቆይ። የገንዘብ መተግበሪያውን ያጥፉ። ገንዘብ ለመቀበልና ለመላክ የግድ መተግበሪያ አያስፈልግም። ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ*889# ያለ ኢንተርኔት፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ሳይቀር ይሠራሉ። በመስመሩ ላይ ኔትወርክ ካለ ይበቃል። የሚስጥር ቁጥርዎን ሲያስገቡ ብቻ ሰው አያይዎት፤ ለሌላ ሰውም «አስገባልኝ» ብለው አይስጡ።

የእኚያ እናት ነገር የተቋጨውም በዚሁ መንገድ ነው። የጎረቤት ልጅቷ አሥራ አንዱንም ቅጂ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጠች፤ ሌላ ቅጂም አዲስ አበባ ላለው ልጅ ተላከ። ከዚያ በኋላ ቴሌግራሙ ተጠረገና ቦታ ተገኘ። ዝማኔው ተሞከረ፤ ነገር ግን ስልኩ ከአምራቹ ከተተወ ቆይቷል፤ የገንዘብ መተግበሪያውም አዲሱ ስሪት አልቀበለው አለ። ለገንዘቡ ባለ ቁልፍ ስልክ ተገዛና ሲም ካርዱ ወደዚያ ዞረ። ልጃቸው የላከው ብር ዛሬ በአጭር ቁጥር ይገባል። አሮጌው ስልክ ኢንተርኔት ተቆርጦለት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ማታ ማታ ይወጣል። ጥገና ባለሙያው ወጣትም ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውስጡ የሚያሳዝንዎት ነገር አለ?» እያለ እንደሆነ ነግሮኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሌሎችም ቢለምዱት ደግ ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ስልክዎ ነገ ጠዋት «ያድሱኝ» ሲልዎት አይደንግጡ፤ ዘለውም አይጫኑ። የማይተካው በሁለት ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፤ የይለፍ ቃልዎን ይወቁ፤ ከሦስቱ የትኛው ዓይነት ዝማኔ እንደመጣ ያንብቡ፤ ከዚያ ይወስኑ። ወላጆችዎ ገጠር ካሉ ደግሞ ለበዓል ሲሄዱ ዶሮው እስኪደርስ ድረስ ስልካቸውን ተቀብለው አንድ ሰዓት ይስጡት። ፎቶና ድምፃቸውን ይገልብጡ። ከዚህ የሚሻል ስጦታ ያለ አይመስለኝም።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን!